ሂሩት፣ ናዝሬትና የአባት ስም

የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም ርዕሱ ጥያቄ ነው፦ «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» በ1957 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበው ይህ ጥቁርና ነጭ ፊልም ድርሰቱ የኢላላ ኢብሳ፣ ዝግጅቱ የግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ ነው። አገራችን በረጅም ፊልም መናገር ስትጀምር ያነሳችው የነገሥታትን ገድል ሳይሆን ጎረቤት የሚያንሾካሹክበትን የቤት ጉድ ነበር።

ጥያቄው ቀላል አልነበረም። ከፊልሙ 5 ዓመት ቀደም ብሎ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ወንድና ሴት ሳይጋቡ ወይም እንደ ባልና ሚስት ሳይኖሩ የወለዱት ልጅ፣ አባቱ ካልተቀበለው በመሠረቱ በሕግ የሚዛመደው ከእናቱ ጋር ብቻ እንደሆነ ይደነግግ ነበር። ሰፈሩ ደግሞ የራሱን ፍርድ ጨመረበት፦ «ዲቃላ»፣ «ሴት ያሳደገው»። ልጁን የካደው ሰው ስሙ አይነሳም፤ ስድቡ የሚያርፈው ምንም ባላጠፋው ልጅ ላይ ነው።

ይህን ታሪክ ለማወቅ የእኛ ከተሞች ሲኒማ ቤት መግባት አያስፈልጋቸውም። አዳማ በጅቡቲ ባቡር መስመር ላይ ያደገች ከተማ ናት፤ ሞጆ፣ ዝዋይና ሻሸመኔም የመንገደኛ ማደሪያ ናቸው። ሾፌሩም ነጋዴውም አድሮ ይሄዳል፤ የተወለደው ልጅ ግን እዚሁ ይቀራል።

ከተማችን ለረጅም ዘመን የተጠራችበት ናዝሬት የሚለው ስም የመጣው ከገሊላዋ ናዝሬት ነው። እዚያም ሐሜት ነበር። የአገሩ ሰዎች ጌታችንን ሊያቃልሉት ሲፈልጉ በእናቱ ስም ጠሩት (ማርቆስ 6፥3)። ዮሴፍ ግን ሐሜቱን ፈርቶ አልሸሸም። ማርያምን ወደ ቤቱ ወሰዳት፤ ለሕፃኑም ስም ያወጣለት እርሱ ነበር።

ሕጉ ዛሬ ተለውጧል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል። የእኛ አንደበትስ ተለውጧል? በስማችን ላይ የአባት ስም አስከትለን የምንጠራ ሕዝብ ስለሆንን፣ በኅብረታችን መዝገብ ላይ ስሙን ሲያስመዘግብ የሚያቅማማ ወንድም፣ አንገቷን የምትደፋ እኅት አይጠፉም።

ወንድሞች ሆይ፣ የሂሩት ጥያቄ መልስ የሚጠብቀው ከሂሩት አይደለም፤ ከአባትየው ነው። አባትየው ዝም ካለ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን እንደ ዮሴፍ በሯን ትክፈት።