የፍሩትቬል የመጀመሪያ ደቂቃዎች

ከኦክላንድ ወደ ደብሊንና ፕሌዛንተን የሚሄደው የባርት ባቡር ፍሩትቬልን ለቆ በአራተኛው ፌርማታ ካስትሮ ቫሊ ይደርሳል። ከዚህ አካባቢ ለምንኖር ሁሉ የዘወትር መንገድ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጃንዋሪ 1 ቀን 2009፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ በዚሁ መስመር የሚጓዝ ባቡር ፍሩትቬል ላይ ቆመ። የ22 ዓመቱ ኦስካር ግራንት በመድረኩ ላይ በሆዱ ተኝቶ ሳለ አንድ የባርት ፖሊስ ከጀርባው በጥይት መታው፤ ወጣቱም በዚያው ጠዋት ሞተ። ተሳፋሪዎች ድርጊቱን በስልካቸውና በትንንሽ ካሜራዎቻቸው ቀርጸውት ነበር።

የኦክላንዱ ተወላጅ ራያን ኩግለር በ2013 «ፍሩትቬል ስቴሽን» የተሰኘውን የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን ይዞ ሲቀርብ፣ በሰንዳንስ ፌስቲቫል የዳኞችንም የተመልካቾችንም ሽልማት ወሰደ። እዚህ የምመረምረው ግን መክፈቻውን ብቻ ነው። ጥንዶች ስለ አዲሱ ዓመት ውጥናቸው ሲያወሩ እንሰማለን። ቀጥሎ ተዋናይ የሌለበት እውነተኛው የተሳፋሪ ቅጂ ይመጣል። ምስሉ ደብዛዛ ነው፤ የያዘው እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ሰዎች ይጮኻሉ። ተኩሱ ሲሰማ ስክሪኑ ይጨልማል፤ ከዚያ ታሪኩ ወደ ዋዜማው ይመለሳል።

ይህ ቅደም ተከተል በተመልካቹ ላይ የሚያደርሰው ነገር ቀላል አይደለም። ፍጻሜውን አስቀድመን ስላወቅን «ምን ይሆን ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ይጠፋል። በቦታው የሚተካው ኦስካር ሳያውቀው እኛ ብቻ የምንቆጥረው የሰዓት ሒሳብ ነው። ለእናቱ ልደት ሸርጣን ሲገዛ፣ ልጁን ሲያጫውት፣ ሥራ እንዲመልሱት ሲለምን፣ እያንዳንዱ ተራ ድርጊት ክብደት ያገኛል። ክብደቱን የሰጠው ተዋናዩ ብቻ አይደለም፤ አዘጋጁ መጀመሪያ ላይ ያስቀመጠው ደቂቃ ነው።

ሁለተኛው ነገር የካሜራው ቦታ ነው። ቅጂው የተነሣው ከባቡሩ ወገን በመሆኑ እኛም ተሳፋሪ እንሆናለን፤ እናያለን፣ ግን መውረድ አንችልም። ከዚያ በኋላ የሲኒማቶግራፈሯ የሬቸል ሞሪሰን ካሜራ ከኦስካር ትከሻ ጋር ተጠግቶ ይሄዳል። ፊልሙ የተቀረጸበት የሱፐር 16 ሚሊ ሜትር ሻካራ ገጽታ ከስልኩ ምስል ጋር ዝምድና አለውና፣ ከማስረጃው ወደ ልብ ወለዱ ስንሻገር ድንበሩ እምብዛም አይታወቀንም። እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። በመኪና ተገጭቶ በኦስካር እጅ የሚሞተው ውሻ የፈጠራ ትዕይንት ነው፤ ሆኖም ተመልካቹ በመክፈቻው ያገኘውን እምነት ለዚያም ያበድረዋል። በኢኮኖሚክስ አንድ ጥሩ መረጃ ይዘን አጠገቡ ያለውን ግምት ሁሉ አብረን ብናሳልፍ ገምጋሚዎች አይምሩንም ነበር። ሲኒማ ሌላ ሕግ እንዳለው ባልክድም፣ ብድሩ ብድር ነው።

ደግሞም ያ ምስል ብቻውን አልተናገረም። ችሎቱ ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛውሮ ሲታይ ቅጂዎቹ ለዳኞቹ ተመረመሩ። ከሳሽ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ግድያ አየባቸው፤ ተከላካዩ ደግሞ ፖሊሱ የኤሌክትሪክ ማደንዘዣውን የመዘዘ መስሎት ሽጉጡን አወጣ ሲል ተከራከረ። በጁላይ 2010 የተሰጠው ፍርድ ያለማሰብ የተፈጸመ ግድያ ሆነ፤ ቅጣቱም ሁለት ዓመት። ፍርድ ቤት ውስጥ ምስሉ ተቆራርጦ፣ ቆሞ፣ ዘግይቶ ይታያል፤ እጅ ወደ መታጠቂያው የሄደበት ቅጽበት ተነጥሎ ይመዘናል። ኩግለር በተቃራኒው በተፈጥሯዊ ፍጥነቱ አንዴ ያሳየንና ይዘጋዋል። ማቆሚያና ማዘግየት የለም። ምርጫው በችሎቱ ላይ የቀረበ ይግባኝ ነው ብዬ አነበዋለሁ።

ከአገር ቤት በቴሌግራም የሚደርሱን አጫጭር ቪዲዮዎች ለዚህ ሁሉ እንግዳ አያደርጉንም። ከየት ላይ እንደተጀመሩና የት ላይ እንደተቆረጡ ሳንጠይቅ አቋም የምንይዝባቸው፣ አልፎም ለምክር ቤት አባላት ደብዳቤ የምንጽፍባቸው አሉ።

የኛው ኃይሌ ገሪማ በ1974፣ አብዮቱ በተነሣበት ዓመት፣ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በጥቁርና ነጭ፣ እሱም በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ኢትዮጵያ ውስጥ ቀረጸ። መንገዱ ግን የኩግለር ተቃራኒ ነው። ገበሬው ሲሠራ ካሜራው ቶሎ አይቆርጥም፤ የድካሙን ርዝመት ተመልካቹም እንዲጠብቀው ያስገድደዋል። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። የኩግለር 85 ደቂቃ ነው፤ ከዚያም ውስጥ አብዛኛው ለአንድ ቀን ተሰጥቷል።