የቤት ባለቤትነትና የሰፈር ድምፅ፦ ከላፍቶ ታሪክ

ላፍቶ በኦሮምኛ የግራር ስም ነው። ይህ የአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ በ1967 ዓ.ም. በአብዛኛው እርሻ ነበር። ከተማውና ገጠሩ የተጎራበቱበት ስፍራ በመሆኑ፣ በሰፈር ጉዳይ ላይ እጁን ለማውጣት የሚፈቀድለት ማን እንደ ነበር ለመመርመር የተመቸ ነው።

በዘውዱ ዘመን ሚዛኑ ሀብት ነበር። የ1948ቱን የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ተከትሎ የወጣው የምርጫ ሕግ፣ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው የ1,000 ብር የማይንቀሳቀስ ወይም የ2,000 ብር የሚንቀሳቀስ ንብረት እንዲኖረው አስገደደ። በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ምክር ቤት ምርጫ ደግሞ ድምፁ ራሱ የባለንብረት ነበር። ጭሰኛው ለፓርላማ ይመርጥ ነበር፤ ነገር ግን የሚያርሰውን መሬት ጌታ ፊት አይቶ የሚሰጥ ድምፅ ምን ያህል ድምፅ ነው?

በ1967 ዓ.ም. ሚዛኑ ተገለበጠ። የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ በ20 ጋሻ ክልል በሚቋቋመው የገበሬ ማኅበር ውስጥ ጭሰኛውና መሬት አልባው ቀድመው ገቡ፤ ባለብዙ መሬቱ ግን ድልድሉ እስኪያልቅ ከደጅ ቆየ። ሐምሌ 19 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ተከተለ። እስከ 50 ብር የነበረው ወርኃዊ ኪራይ በግማሽ ተቀነሰ፤ ተከራይም በቀበሌው መራጭና ተመራጭ ሆነ፤ የቀድሞው የቤት ከበርቴ ለአንድ ዓመት ከምርጫ ታገደ።

ይሁንና በሩ መከፈቱ ብቻ አልበቃም። የቀን ሠራተኛው ስብሰባ ሲውል የዕለት ጉርሱን ያጣል፤ ቃለ ጉባኤ መያዝም ፊደል የቆጠረ ሰው ይጠይቃል። በ1969 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 104 ለቀበሌዎች ሰፋ ያለ የዳኝነትና የጥበቃ ሥልጣን ከሰጠ በኋላ ማኅበሩ ከነዋሪው አንደበትነት ይልቅ የመንግሥት ክንድ ሆነ። ስኳሩን ከቀበሌ ሱቅ የሚጠብቅ ድኻ ከስብሰባ ለመቅረት ድፍረቱን ከየት ያመጣል? መገኘትና መሳተፍ የተለያዩት እዚህ ላይ ነው።

የእርሻው መሬት እየተሸነሸነ ሄዶ በጀሞ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ቆሙ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 370 የሕንፃውን ማኅበር የቤት ባለቤቶች ማኅበር አደረገው። ዕጣ ከወጣላቸው ብዙዎቹ የባንኩን ዕዳ ለመክፈል ሲሉ ቤታቸውን አከራዩ። በደረጃው የሚወጣና የሚወርደው፣ ውኃ ሲጠፋ ጄሪካን የሚሸከመው ተከራይ ነው፤ በማኅበሩ ጉባኤ እጅ የሚያወጣው ግን ባለቤቱ ነው። የ2011ዱ የምርጫ ሕግ ተከራዩን አያገልም፤ ሆኖም በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር መኖርን ይጠይቃል። አከራይ ኪራይ በጨመረ ቁጥር ዕቃውን ጭኖ ሰፈር ለሚለውጥ ቤተሰብ ስድስት ወር ረጅም ነው።