ብረትም ይደክማል

ብዙዎቻችን ብረት የሚሰበረው ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ብቻ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በደንብ የሚችለው ትንሽ ሸክም እንኳ ሺህ ጊዜ፣ ሚሊዮን ጊዜ ሲመላለስበት ብረት ይሰበራል። ባለሙያዎች ይህንን የብረት ድካም ይሉታል። ቀጭን ሽቦ ይዛችሁ ሞክሩት። በእጃችሁ ስባችሁ አትበጥሱትም፤ ወዲህና ወዲያ ስታጥፉት ግን ትንሽ ቆይቶ እጃችሁ ላይ ይቀራል።

የሰው ልጅ ይህንን የተማረው በብዙ ሕይወት ነው። በዚህ ጽሑፍ ታሪኩን ከባቡር ጀምረን በእጅ እስከተሠሩ አውሮፕላኖች፣ የአገራችንንም ጨምረን፣ እናያለን። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከባቡር ተጀመረ

በግንቦት 1842 ፈረንሳይ ውስጥ ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ሲመለስ የነበረ ባቡር አክስሉ ተሰብሮ ከሐዲድ ወጣ፤ እሳትም ተነሳ። ከ50 በላይ ሰው ሞተ። በማግስቱ ዓመት ስኮትላንዳዊው ዊልያም ራንኪን የተሰበሩ አክስሎችን መርምሮ አንድ ነገር አስተዋለ። ስብራቱ የሚጀምረው አክስሉ በድንገት ከወፍራም ወደ ቀጭን በሚለወጥበት፣ ሹል ማዕዘን ባለበት ቦታ ነበር። መፍትሔውም ማዕዘኑን ክብ አድርጎ ማለስለስ ነው አለ። ቀጥሎ ጀርመናዊው ኦገስት ቮለር ለዓመታት አክስሎችን በማሽን እያሽከረከረ ፈተነ። በ1870 ያወጣው ውጤት ብረትን የሚጎዳው የሸክሙ ትልቅነት ብቻ ሳይሆን የመመላለሱ ብዛትም መሆኑን አሳየ።

የራይት ወንድማማቾች ሻፍት

ዊልበርና ኦርቪል ራይት ብስክሌት ሠሪዎች ነበሩ። ሞተራቸውን የሠራላቸውም የሱቃቸው መካኒክ ቻርሊ ቴይለር ነው። በኅዳር 1903 ኪቲ ሆክ በሚባለው አሸዋማ ቦታ ሞተሩን ሲያስነሱት እየተንገጫገጨ ፕሮፔለሮቹን የሚያዞሩትን ሻፍቶች ጎዳቸው። ሻፍቶቹ ውስጣቸው ባዶ የሆነ የብረት ቱቦ ነበሩ። ወደ ከተማቸው ወደ ዴይተን ተልከው ተጠግነው መጡ። ብዙም ሳይቆይ አንደኛው እንደገና ተሰነጠቀ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሁለተኛ ጊዜ አልጠገኑትም። ቱቦው ለዚህ ዓይነት መንገጫገጭ አይሆንም ብለው ወሰኑ። ኦርቪል ራሱ ዴይተን ሄዶ ውስጡ ድፍን ከሆነ ጠንካራ ብረት አዲስ ሻፍት አሠርቶ ታኅሣሥ 11 ተመለሰ። ታኅሣሥ 17 ቀን 1903 አውሮፕላናቸው ለ12 ሰከንድ በረረች። በዚያው ቀን የመጨረሻው በረራ 59 ሰከንድ ቆየ። የተሳካላቸው “የት ተሰበረ?” ብቻ ሳይሆን “ለምን እዚያ ተሰበረ?” ብለው ስለጠየቁ ጭምር ነው።

ወደ ኢትዮጵያ

በጣሊያን ወረራ ጊዜ የኢትዮጵያን አየር ኃይል የመራው ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን ከአብራሪነቱ በፊት የመኪና መካኒክ ነበር። ቺካጎ ውስጥ ከጓደኛው ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋር በሞተር ሳይክል ሞተር የምትሠራ ትንሽ አውሮፕላን ገጣጥመዋል። በ1935 አዲስ አበባ የገባው እንዲህ ዓይነት እጅ ይዞ ነው።

በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ሰው የምትይዝ አውሮፕላን ሠራ። ኢትዮጵያ 1 ተባለች፤ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስምም ፀሐይ ተብላ ትጠራለች። አካሏ እዚያው ተሠራ፤ 115 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው ዋልተር ቬኑስ ሞተሯ ግን ከቼኮዝሎቫኪያ የመጣ ነው። በታኅሣሥ 1935 በረረች። ጣሊያኖች ወስደዋት ለብዙ ዓመታት ሙዚየም ውስጥ ቆይታ በጥር 2024 ለኢትዮጵያ ተመልሳለች።

በእኛም ዘመን አስመላሽ ዘፈሩ በቮልስዋገን ሞተር ኬ-570ኤ የተባለች አውሮፕላን ሠርቷል። በ2015 የመጀመሪያው ሙከራ ላይ የፕሮፔለሩ መያዣ ተሰብሮ ሞተሩን አጠፋው። እሱ ግን ሥራውን አልተወም።

የሞተር መቀመጫ ለምን ይሰነጠቃል?

በእነዚህ ሁሉ አውሮፕላኖች ሞተሩንና አካሉን የሚያገናኝ መቀመጫ አለ። በትንንሽ አውሮፕላኖች ይህ መቀመጫ ብዙ ጊዜ ከቀጫጭን የብረት ቱቦዎች በብየዳ ይሠራል። ሞተሩ በደቂቃ ከሁለት ሺህ ጊዜ በላይ ሲዞር ንዝረቱ በሙሉ የሚያልፈው በዚያ ነው። ስንጥቁ የሚጀምረው ብየዳው ጠርዝ ላይ፣ ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ፣ ወይም ሽቦና ማሰሪያ ቱቦውን እየፈተገ ባሳሳው ቦታ ነው። ብሎን ሲላላ ወይም ንዝረት የሚያበርደው ጎማ ሲደርቅ ነገሩ ይፈጥናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ስንጥቅም እንደዚያው ነው፤ በመጨረሻው ቀን ግን አይሄድም፣ ይሮጣል።

መከላከያው ማየት ነው። መቀመጫውን ከዘይትና ከአቧራ አጽድቶ በጥሩ ብርሃን በማጉያ መነጽር መመርመር። የተሰነጠቀ ቀለም ወይም እንደ ፀጉር የቀጠነ የዝገት መስመር ምልክት ነው። የድሮ የባቡር ጋራዦች ደግሞ ቀላል ዘዴ ነበራቸው። ብረቱን ዘይት ይቀቡታል፣ ይወለውሉታል፣ ከዚያ በኖራ ወይም በጠመኔ ያነጡታል። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ዘይት ወጥቶ ነጩ ላይ መስመር ይሠራል። ጠመኔ ደግሞ እኛ አስተማሪዎች አናጣም።

ጥገናውስ? በአውሮፕላን ሕግ ስንጥቁ ላይ ብየዳ ደርቦ መሄድ የለም። የተጎዳው ተቆርጦ ይወጣል። በምትኩ ሰፋ ያለ ቱቦ በጤነኛው ጫፍ ላይ ይጠለቃል፤ ጫፉ እንደ ዓሣ አፍ ተቆርጦ ይበየዳል። እንዲህ የሚደረገው ብየዳው ቱቦውን በአንድ መስመር ዙሪያውን እንዳይከበው ነው። ሲበየድም ቅርጹ እንዳይጣመም በማሰሪያ ተይዞ ነው። ይህም ቢሆን የሠለጠነና የተፈቀደለት ባለሙያ ሥራ ነው።

እኛን ምን አገባን?

አውሮፕላን የለንም ትሉ ይሆናል። ወፍጮ ግን አለን፤ የውሃ ፓምፕ አለን። ገዳሪፍ የባቡር ሐዲድ የገባባት፣ ትራክተር ሰፊውን የማሽላና የሰሊጥ መሬት የሚያርስባት አገር ናት። ከድንበር ወደ ከተማ የሚመላለሰው ሎሪ በዚያ ኮረኮንች ላይ ስንት ሰው ይጭናል? የወፍጮ ሞተር መቀመጫ በዓመት ሦስት ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከተበየደ ጥፋቱ ያለው ብየዳው ላይ ብቻ አይደለም። ምናልባት ብሎኑ ላልቷል፣ ምናልባት ሞተሩና ወፍጮው ቀጥ ብለው አልተያዩም፣ ምናልባት ሲሚንቶው ወርዷል። ይህ ሳይታይ ሌላ ብየዳ ቢደረብ ገንዘቡም ይባክናል፣ ሰውም ይጎዳል። ፓምፑ ቆመ ማለት ደግሞ እናቶች ጀሪካን ይዘው ሩቅ ይሄዳሉ ማለት ነው።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳልጨርስ ነው ከአገር የወጣሁት። ብየዳ የምትማሩ ልጆች ግን ዲግሪ የማይጠይቅ ትልቅ እውቀት በእጃችሁ አለ እላለሁ። ከመበየዳችሁ በፊት ቆም በሉና “ለምን እዚህ?” ብላችሁ ጠይቁ።

ለተማሪዎች ጥያቄ፦ በአካባቢያችሁ ደጋግሞ የሚሰበር አንድ የብረት ዕቃ ፈልጉ። ሁልጊዜ የሚሰበረው የት ላይ ነው? ማዕዘን፣ ቀዳዳ ወይስ ብየዳ አለበት? ሥዕሉን ስላችሁ ለክፍላችሁ አስረዱ።