ርስት በጎንደርና በሰሜኑ ደጋ

ርስት «ወረሰ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ስም ነው። ከ«ወለደ» ልደት፣ ከ«ወሀበ» ሀብት እንደተገኘ ሁሉ፣ «ወረሰ»ም መነሻ ፊደሉን ጥሎ ርስትን አስገኝቷል። ውርስ ከሟች የሚተላለፈውን ማናቸውንም ንብረት ሲያመለክት፣ ርስት ግን ከመሬት ጋር ተቆራኝቷል።

ይሁን እንጂ በደምቢያ፣ በወገራና በስሜን ርስት ማለት የተወሰነ እርሻ ማለት ብቻ አልነበረም፤ ከሁሉ በፊት የመጠየቅ መብት ነበር። አገሩን አስቀድሞ አቀና ከሚባል አባት የሚወለድ ሁሉ፣ በእናቱም በአባቱም ቆጥሮ ድርሻዬን ሊል ይችል ነበር። ሴት ልጅም ወራሽ ነበረች። ስለዚህ አንድ ገበሬ በየአጥቢያው የሚጠይቀው መሬት አያጣም ነበር፤ ግን ከጠያቂው ብዛት የተነሳ ሁሉንም አያገኝም ነበር። የሚቀናው የዘር ሐረጉን ሳያዛንፍ የሚቆጥር፣ ምስክር የሚያቆምና ዳኛ ፊት ተሟግቶ የሚረታ ነበር። ደጋው በመሬት ሙግት የታወቀው በሕዝቡ ጠብ መውደድ ሳይሆን፣ መብቱ ራሱ ሙግት የሚጠራ ስለነበር ነው። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው አባባልም የዚህ ተስፋ ልጅ ነው።

ጉልት ከርስት ይለይ ነበር። ንጉሥ ለሹም ወይም ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው የግብር መብት በመሆኑ፣ በአንድ ማሳ ላይ ባለርስቱ ያርስ፣ ባለጉልቱ ግብር ይቀበል ነበር። ጎንደር በ17ኛው መቶ ዘመን በአፄ ፋሲል ዘመን መናገሻ ከሆነች በኋላ ቤተ ክርስቲያናቱ በጉልት በለጸጉ። እቴጌ ምንትዋብ ላሠሯት ለደብረ ፀሐይ ቁስቋም የተሰጠው መሬት በብራና ተመዝግቧል። ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች የተደለደለው፣ ሪም የሚባለው መሬት ደግሞ ይሸጥ ይለወጥ ነበር፤ በጎንደር የሽያጭ ውሎች ውስጥ ሴቶች ገዢም ሻጭም ሆነው ይገኛሉ።

የርስትን ክብደት አጉልቶ የሚያሳየው ግን የተነፈገው ሰው ኑሮ ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የነገሡት አፄ ይስሐቅ፣ የተጠመቀ የአባቱን ምድር ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ (ስደተኛ) ይሁን ብለው እንዳወጁ ይነገራል። ጥምቀትን ያልተቀበሉት ቤተ እስራኤሎች ርስት አልባ ሆነው በሰው መሬት በጢሰኝነት አረሱ፤ በአንጥረኝነት፣ በሸክላ ሥራ፣ በሽመናና በግንበኝነትም ኖሩ። በእጃቸው ሥራ የሚጠቀመው ባለርስት በዚያው ሥራ ይንቃቸው ነበር፤ ይህ የሥርዓቱ ከባድ በደል ነው። የጎንደር ከተማ ሙስሊሞችም ርስት ስላልተፈቀደላቸው በብዛት ወደ ንግድና ሽመና አዘነበሉ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ ርስትም ጉልትም በሕግ ቀሩ። አዋጁ በትውልድ ሐረግ ፈንታ የማረስን ፈቃድ መመዘኛ ስላደረገ፣ ለጢሰኛው በር ከፈተ፤ በዘር ቆጠራ ለኖረው ባለርስት ግን የአባቶቹን አደራ መንጠቅ ሆኖ ታየው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም። በአማራ ክልል ዛሬ ገበሬው የይዞታ ደብተር ይሰጠዋል፤ የባልና የሚስት የጋራ ይዞታ ሲሆንም በሁለቱም ስም ይጻፋል። ለልጅ የሚተላለፈው የመጠቀም መብቱ ነው።