የመቄት ጎጆዎችና የእኛ አክሲዮን

ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ወር እዚህ ዴንቨር በስልክ ያደረግነው አንድ ስብሰባ ነው። ማኅበራችን በጦርነቱ ለተጎዳው የላስታና የመቄት ሕዝብ ከሰበሰበው ገንዘብ ውስጥ እስካሁን ያልተነካ ተቀማጭ አለው። አንዱ ወንድማችን «ሰላም ሲሆን ላሊበላ አካባቢ ሎጅ እንሥራበት፤ አክሲዮን እንሽጥና እናስፋው፤ ለወጣቱም የሥራ ዕድል ይከፈታል» የሚል ሐሳብ አቀረበ። አብዛኛው ሰው ደገፈው። እኔ ዝም አልኩ። ሐሳቡን ጠልቼው አይደለም። ከአሥር ዓመት በፊት ያንኑ ሐሳብ ከነንድፉ ተሸክሞ መቄት ድረስ የሄደው ይህ ጸሐፊ ስለሆነ ነው።

ወደዚያ ከመመለሴ በፊት ስለ ላሊበላ ጥቂት ልበል። ብዙዎቻችን የላሊበላ ሰው እንግዳ መቀበል የጀመረው አውሮፕላን ማረፍ ሲጀምር ይመስለናል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ለገና ከሰሜንም ከደቡብም በእግሩ የሚመጣውን ተሳላሚ እግሩን አጥቦ፣ ያለውን አቅርቦ፣ መደቡን ለቆ የሚያሳድረው ያው የአገሩ ነዋሪ ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አብያተ ክርስቲያናቱን አይቶ ሲጽፍ አንባቢው ውሸታም እንዳይለው ሰግቶ ነበር። ከእርሱ በፊትም ሆነ በኋላ ለመጣው ተሳላሚ ሁሉ ግን አስጎብኚ መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ ሰው ነበር።

ዩኔስኮ ላሊበላን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ስለ አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ብቻ አልጻፈም። በዙሪያቸው ያሉትን ክብ፣ በድንጋይ የተሠሩ ባለ አንድ ፎቅ የላስታ ቤቶችም አንስቷል። ታዲያ ምን ሆነ? የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2009 ለኢትዮጵያ የቱሪዝም ልማት 35 ሚሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደ፤ በዚያው ፕሮጀክት በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ኩራኩር ወደሚባለው አዲስ ሰፈር እንዲዛወሩ ተደረገ። ከቤቶቹ ጥቂቶቹ በቅርስነት ቀሩ። ቤቱ ቅርስ ሆነ፣ ባለቤቱ ግን ተነሺ ሆነ ማለት ነው።

ለእውነት ያህል፣ ሥጋቱ ከመሬት የተነሳ አልነበረም። እኔ የውሃ ፍሳሽ መሐንዲስ ነኝ፤ የቆሻሻ ውሃ እንደ ላሊበላው ላለ ለስላሳ ድንጋይ ምን ያህል ጠላት እንደሆነ አውቃለሁ። ሆኖም መንገዱ መዛወር ብቻ ነበር ወይ? ቤቱን በሥርዓት የተበጀ የእንግዳ ማረፊያ አድርጎ፣ ፍሳሹን አስተካክሎ፣ ነዋሪውን ባለድርሻ ማድረግ አይቻልም ነበር ወይ? እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአምስቱ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የተተከሉት መጠለያዎች ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ሕዝቡ ብረቱ ይወድቅብናል እያለ ለዓመታት ሲጮኽ ቆይቶ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በሺህዎች ሆኖ አደባባይ ወጣ። ንድፉ ሲሠራ አልተጠየቀማ! ስሜን ተራሮች ብንሄድም ያው ነው፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2016 ድረስ ከግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራ ፓርኩን ለማዳን ተብሎ ወደ ደባርቅ ተዛውሯል።

እንግዲህ ወደ መቄት። ወልድያ ተወልጄ ያደግሁ ስለሆነ መቄትን የማውቀው ቻይናዎች በደርግ ዘመን በሠሩት የወልድያ–ወረታ መንገድ ነው። በልጅነቴ መቄት ማለት የ1977 ድርቅ፣ የእርዳታ ስንዴና የጭነት መኪና ነበር። በ2005 ዓ.ም. ከዴንቨር ስሄድ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። ሴቭ ዘ ችልድረን ዩኬ በወረዳው ይሠራ ከነበረው ሥራ የበቀለ፣ ከእ.ኤ.አ. 2003 ወዲህ «ተስፋ» በሚል ስም የሚታወቅ የማኅበረሰብ ቱሪዝም ተጀምሯል። መቋት ማርያም፣ ዋጀላና ሌሎችም ቦታዎች ላይ ገበሬው በገደሉ አፋፍ የድንጋይ ጎጆ ሠርቶ፣ ጓዙን በአህያ ጭኖ፣ እንግዳውን ከመንደር መንደር ያሻግራል። ጎጆው የግለሰብ አይደለም፤ የመንደሩ ነው። የሚመራውም ነዋሪው በመረጠው ኮሚቴ ነው።

እኔ በቦርሳዬ የያዝኩት ንድፍ ደግሞ 24 ክፍል ያለው ባለ ኮንክሪት ሎጅ ነበር። እዚህ ያለን ሰዎች አክሲዮን እንገዛለን፣ እነርሱ ዘበኛና አስተናጋጅ ይሆናሉ። ያደርንበት መንደር ኮሚቴ ሲሰበሰብ እንድናገር ፈቀዱልኝ፤ ወረቀቱን ዘርግቼ አስረዳሁ። አንድ ሸማቸውን ያጣፉ አዛውንት እስከ መጨረሻው ሰምተውኝ «ልጄ፣ ያንተ እንግዳ በቀን ምን ያህል ውሃ ይፈጃል?» አሉኝ።

«መቶ ሃምሳ ሊትር ገደማ፣ አባቴ።»

አጠገባቸው የተቀመጠች የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ በእንጨት መሬት ላይ ስታሰላ ቆየች። 48 ሰው ቢያድር 7,200 ሊትር ይሆናል፤ በ20 ሊትር ጀሪካን 360 ጀሪካን። ምንጩ ከገደሉ ሥር ነው። «ይህን እንግዲህ የምንቀዳው እኛ ነና» አለች። የሁለተኛ ዲግሪ ያለኝ የውሃ መሐንዲስ ነኝ ብዬ ያወራሁ ሰውዬ የምገባበት ጠፋኝ። የእነርሱ ማረፊያ ቢሞላ ስድስት ሰው ነው የሚይዘው። ስድስት ያሉት ድሆች ስለሆኑ መስሎኝ ነበር፤ ውሃውን፣ እንጨቱንና የሴቶቹን ጉልበት ቆጥረው ነው።

ማታ እሳት ዳር ስለ ማኅበር ጠየቅኋቸው። አዛውንቱ ሳቁና ስለ ማልባና ወልባ አነሱ። ወጣት አንባቢ ላያውቅ ይችላል፤ ደርግ በ1971 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የገበሬዎች አምራች ማኅበራት በደረጃ የተዋቀሩ ነበሩ። በማልባ መሬቱ የጋራ ሲሆን በሬው የግል ሆኖ ይቆያል፤ በወልባ ግን በሬና ሞፈሩም የማኅበሩ ይሆናል። በሬው የጋራ ሲሆን ማን ያበላዋል? በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ገበሬው ለወራት እንኳ አልጠበቀም፣ ማኅበራቱን አፍርሶ መሬቱን ተከፋፈለ። «ስለዚህ ማኅበር ሲሉን መጀመሪያ ሸሸን» አሉ አዛውንቱ። «በኋላ ግን ገንዘቡ በፊታችን ሲቆጠር እንደ ዕድር ነው ብለን ገባን።»

ለእኔ የታሪኩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። በወረቀት ደረጃ ከሆነ ሕግ አላጣንም። አዋጅ ቁጥር 147/1991 የኅብረት ሥራ ማኅበር በፈቃደኝነት የሚመሠረት፣ አንድ አባል አንድ ድምፅ ያለው እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ሕዝቡ ግን የሚያምነው አዋጁን ሳይሆን ደቦውን፣ ዕድሩንና ሰንበቴውን ነው። የአክሲዮን ማኅበር ድምፅ የሚቆጠረው በብር ነው፤ እኛ ዴንቨርና ዋሽንግተን ያለነው ሁልጊዜ እናሸንፋለን። በዕድር ግን ሀብታሙም ድሃውም ያዋጣል፣ ሁለቱም ድንኳን ይተክላሉ።

ሁሉም የሰመረ ነበር አልልም። ያን ሌሊት ራሱ ተጨቃጭቀዋል፤ አንዱ ወገን ትርፉ በነፍስ ወከፍ ይከፈል ሲል ሌላው ለክፉ ቀን እህል ይገዛበት ይላል። የእኔ ቅሬታ ግን ሌላ ነው። እንግዳ የሚመጣው በአዲስ አበባ በኩል ነበር፤ ቀጠሮው፣ ማስታወቂያው፣ ከውጭ አገር ሰው ጋር መጻጻፉ ሁሉ በከተማ ሰው እጅ ነው። መንደሩ የጎጆው ባለቤት ሆኖ የበሩ ቁልፍ ግን ሌላ ቦታ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ለክፋት የተደረገ አይደለም፤ ስልክና ኢንተርኔት በሌለበት ሌላ ምን ይደረግ? ቢሆንም የዲያስፖራ ሙያና ገንዘብ ሊገባበት ይገባ የነበረው ይህ ክፍተት ነበር። እኛ ግን ኮንክሪት አሰኘን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ እንግዳ ቀረ። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ ጋሸና የጦር ግንባር ሆነች፤ ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከእጅ ወደ እጅ ስትገላበጥ ቆየች። ያ አልፎ ሳይጠገን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በመንግሥትና በፋኖ መካከል ሌላ ውጊያ ተቀሰቀሰ። በቱሪስት ይተዳደር የነበረው አስጎብኚ፣ ባለበቅሎ፣ መስቀል ጠራቢ፣ ጠላ ሻጭ ሁሉ ባዶ እጁን ቀረ። ልዩነቱን ግን አስተውሉ። ብድር ተበድሮ ሆቴል የገነባው ባለሀብት እንግዳ ሲጠፋ ከባንክ ዕዳው ጋር ተፋጠጠ። የመቄት ገበሬ ቱሪዝሙ ለእርሻው መደጎሚያ እንጂ መተዳደሪያው ስላልነበረ ቢያንስ ገብሱና በጎቹ አሉለት፤ ጦርነቱ የተወለትን ያህል ማለቴ ነው።

ከስብሰባው በኋላ ያቺን ገንዘብ ያዥ በሰው በሰው አፈላልጌ በስልክ አገኘኋት። ድምፄን ወዲያው አወቀችው፤ «የ360 ጀሪካኑ!» ብላ ሳቀች። የእነርሱ ጎጆ ግድግዳው ቆሟል፤ ክዳኑ ግን ሣሩ በስብሷል፣ አልጋና ብርድ ልብሱ ተወስዷል። ሎጅ ስለሚሠሩ ሰዎች ስነግራት አልተቃወመችም። «ይሥሩ፤ ግን መጀመሪያ ይጠይቁን» ነው ያለችኝ። የሚያስፈልጋቸውን ስጠይቃት የክዳን ሣር ማሰሪያ፣ ብርድ ልብስ፣ ከምንጩ ወደ ላይ ውሃ የሚገፋ በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ ብላ ቆጠረችልኝ። ሰላም ሲሆን ደግሞ እንግዳ በራሳቸው እንዲቀበሉ እንግሊዝኛ የሚጽፍ አንድ የመንደሩ ልጅ እንድናስተምርላቸው።

ፓምፑን አሰላሁት። ለስድስት እንግዳና ለመንደሩ የመጠጥ ውሃ የሚበቃው ዋጋ፣ ለሎጁ ጥናት ብቻ ከተመደበው ያንሳል። ስሌቱን ለማኅበሩ አባላት ልኬያለሁ፤ በሚቀጥለው እሑድ ድምፅ እንሰጣለን። የሴትዮዋንም ስልክ አያይዤላቸዋለሁ፤ በዚያኛው ስብሰባ መስመር ላይ እንድትገባ ጠይቄያት «ከቅዳሴ በኋላ ከሆነ እሺ» ብላኛለች።