ከቃዲ መንደር እስከ ቦሩ ሜዳ

ለትምህርት በባዕድ አገር የኖረ ሰው በዓል ሲመጣ የሚሰማውን ያውቀዋል። ቤተ መጻሕፍቱ ይዘጋል፤ የተማሪው መኖሪያ ጭር ይላል፤ ያገሬው ልጅ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ እናቱ ቤት ሲሄድ እንግዳው ከመስኮቱ ጋር ይቀራል። በነሐሴ 2011 ዓ.ም አረፋ እሑድ ቀን ሲውል እኔም ኢስታንቡል ውስጥ እንዲሁ ቀርቼ ነበር። ደግነቱ ብቻዬን አልነበርሁም። ሁለት ያገሬ ልጆች አብረውኝ ነበሩ፤ አንዱ የኮምቦልቻ ሙስሊም፣ ሌላው የጎጃም የቄስ ልጅ። እኔ ደግሞ የተወለድሁት ከደሴ በስተሰሜን፣ ብርድና ገብስ በማይለያት በቦሩ ሜዳ ነው።

በዓሉን የዋልነው አብሮን በሚማር በአንድ ቱርካዊ ወዳጃችን ቤት ነበር። የበጉ ሥጋ ቀረበ። ጊዜው ግን የፍልሰታ ጾም ነበርና እኔና ጎጃሜው እጃችንን ሰበሰብን። የወዳጃችን እናት ግራ ተጋቡ። ይህን ጊዜ የኮምቦልቻው ልጅ ጣልቃ ገብቶ የጾሙን ነገር፣ ቅቤና ወተትም ጭምር እንደማይበላበት፣ ከእኛ ይልቅ አሳምሮ በቱርክኛ አስረዳልን። ሴትዮዋ ፈገግ ብለው በወይራ ዘይት የተሠራ ባቄላ አመጡልን። "ወንድማማች ናችሁ?" ብለው ጠየቁ። "ጎረቤታሞች ነን" አላቸው።

በማግሥቱ ከተማ ለማየት ወጣን። ከኤሚኖኑ ወደብ ተነሥተን በጀልባ ወደ እስያው ዳርቻ ተሻገርን። የምንሄድበት ሰፈር ካዲኮይ ይባላል፤ ትርጉሙም የቃዲ መንደር ማለት ነው። የኮምቦልቻው ልጅ ይህን ሲሰማ "እንግዲህ ከአገራችን አልወጣንም" ብሎ አሳቀን። እኔን ወደዚያ የጎተተኝ ግን የቃዲው ስም ሳይሆን ከዚያ በፊት የነበረው ስም ነው። የቃዲ መንደር ጥንት ኬልቄዶን ትባል ነበር።

ኬልቄዶን የሚለውን ስም በቤተ ክርስቲያን አጸድ ያደገ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሰምቶታል። እ.ኤ.አ. በ451 ንጉሠ ነገሥት መርቅያን የጠራው ጉባኤ በዚያች ከተማ፣ በቅድስት ኤውፌምያ ቤተ ክርስቲያን ተቀመጠ። በመጀመሪያ ሊደረግ የታሰበው በኒቅያ ነበር፤ ንጉሡ ግን ለቤተ መንግሥቱ እንዲቀርበው ወደ ኬልቄዶን አዛወረው። በዚያ ጉባኤ የእስክንድርያው ዲዮስቆሮስ ከመንበሩ ወረደ፤ ወደ ጋግራም ተጋዘ። ክርስቶስ በሁለት ባሕርይ ይታወቃል የሚለው ቃልም ጸደቀ። ግብፅ፣ ሶርያና አርመን አልተቀበሉትም፤ የእኛም ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ አልተቀበለችውም። ተዋሕዶ የሚለው ስማችን ለዚያ ጉባኤ የተሰጠ መልስ ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ እኛ በዚያ ቀን ምን አየን? የዓሣ ገበያ፣ ቡና ቤቶች፣ የበዓል ልብስ የለበሱ ሕፃናት። በገበያው መካከል በኤውፌምያ ስም የተሰየመ የግሪኮች ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ነገር ግን በብዙ መቶ ዓመታት ኋላ የተሠራ ነው። ያ ሁሉ ጳጳስ ስለተከራከረበት፣ ዓለመ ክርስትና ስለተከፈለበት አዳራሽ የሚመሰክር ከመሬት በላይ የቆመ ነገር አጣን። እኔ ቅር ተሰኘሁ። ጎጃሜው አየኝና፣ "ያንተም አገር እኮ ጉባኤ ተደርጎበታል፤ እዚያስ ምን ቆሟል?" አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ከብት ያገድሁበት ሜዳ ነው። ነገር ግን ስለሌላው ሰው ጉባኤ ባሕር ተሻግሬ ስጠይቅ ስለ ራሴ ሜዳ አንድ ቀን እንኳ ቆሜ አላሰብሁም ነበር። ከወደቡ አጠገብ ሻይ ይዘን ተቀመጥንና የማውቀውን ተናገርሁ፤ የጎደለኝን እነርሱ ሞሉልኝ፤ ኋላም እኔ ከመጻሕፍት አቃናሁት። ታሪኩ እንዲህ ነው።

ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1868 ዓ.ም በጉንደትና በጉራዕ የግብፅን ጦር ድል ካደረጉ በኋላ ፊታቸውን ወደ ውስጥ መለሱ። በመጋቢት 1870 ዓ.ም የሸዋው ምኒልክ በልቼ ላይ ገበሩላቸው፤ የሸዋ ንጉሥ ተብለውም ዘውድ ተቀበሉ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ በግንቦት፣ ሁለቱ ነገሥታት ከነሊቃውንቶቻቸው በቦሩ ሜዳ ተገናኙ። ቦታው ከትግራይም ከሸዋም ለሚመጣ መካከል ነው።

ክርክሩ ስለ ክርስቶስ ልደት ነበር። ተዋሕዶዎች ልደቱ ሁለት ነው፤ ከአብ ያለ እናት፣ ከእመቤታችን ያለ አባት ይላሉ። ጸጋዎች ወይም ሦስት ልደቶች በመንፈስ ቅዱስ ሦስተኛ ልደት አለው ይላሉ፤ ይህም ትምህርት በሸዋ፣ በተለይም በደብረ ሊባኖስ ሥር የሰደደ ነበር። የቅባት ትምህርት ደግሞ አገሩ ጎጃም ነው። (ወዳጄ እዚህ ላይ ሻዩን አስቀምጦ "የእኛንም ጠሩን" አለ።) የሚገርመው ነገር ይህን የሚዳኝ ጳጳስ በአገሩ አልነበረም። አቡነ አትናቴዎስ እ.ኤ.አ. በ1876 ዐርፈው ነበር፤ አራቱ ጳጳሳት ከግብፅ የመጡት በ1881 ነው። ስለዚህ እንደ መርቅያን ዘመን ሁሉ የመጨረሻው ሚዛን በንጉሡ እጅ ወደቀ። ተዋሕዶ ረታ። አንመለስም ካሉት የሦስት ልደት ሊቃውንት መካከል ምላሳቸው የተቆረጠ እንደነበሩ ተጽፏል።

ነገሩ በሊቃውንቱ ክርክር ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ይህን ባልጻፍሁ። ጉባኤው ወሎ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ወሎ ደግሞ ብዙው ሕዝቧ ሙስሊም ነበር። ዐፄ ዮሐንስ የአገሩን ሃይማኖት አንድ ማድረግ ፈለጉ፤ ለሙስሊሞችም የሦስት ዓመት ቀን ተቆረጠላቸው። ከመኳንንቱ ኢማም መሐመድ አሊ ሚካኤል ተብለው ተጠመቁ፤ ክርስትና ያነሷቸው ራሳቸው ዐፄ ዮሐንስ ናቸው። አባ ዋጠው ደግሞ ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸው ምኒልክ ሆኑ። እንቢ ያለው ተሰደደ፤ ከሼህ ጦልሐ ጋር ሆኖ የተዋጋም ነበር። ቀን ቀን ክርስቲያን፣ ማታ ማታ ሙስሊም ሆኖ የኖረም ነበር።

ዋጋው በአንድ ትውልድ ተከፍሎ አላለቀም። መሐመድ አሊ የነበሩት ሚካኤል ደሴን መናገሻቸው አድርገው ኋላም ንጉሠ ወሎ ተባሉ፤ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ የምኒልክን አልጋ ወረሰ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርድ ዋናው ክስ ግን እስልምናን ተቀብሏል የሚል ነበር። አባትየው ለልጃቸው ተነሥተው በጥቅምት ወር በሰገሌ ድል ሆኑ። ከጥምቀቱ ሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ የአባት የቀድሞ ስም በልጅ ላይ ክስ ሆኖ ተነሣ።

እንግዲህ "ምን ቆሟል?" ለሚለው መልሱ ምንድን ነው? የቦሩ ሥላሴ አለች፤ መምህር አካለ ወልድ ያስተማሩባት ደብር ናት፤ በስማቸውም ደሴ ውስጥ ትምህርት ቤት ተሰይሟል። እንደዚያ ያለ ሊቅ ያፈራ ሜዳ ባዶ ነው አይባልም። ነገር ግን ያን ዕለት ትዝ ያለኝ ሌላ ነገር ነው።

አያቴ ትውልድ ስትቆጥር በልጅነቴ እሰማ ነበር። የአባቷን ስም በኩራት ትላለች፤ የአያቷንም እንዲሁ። ቅድመ አያቷ ዘንድ ስትደርስ ሁለት ስም ትጠራለች። አንደኛው የክርስትና ነው፤ እርሱን ከፍ አድርጋ ትናገረዋለች። ሁለተኛውን፣ ከጥምቀት በፊት የነበረውን፣ ድምፅዋን ዝቅ ታደርግበታለች። ልጅ ስለነበርሁ የሁሉም ሰው ዘር እንዲህ የሚቆጠር ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ምሽት ስልክ ደወልሁላት። ስለ ጤናዋ፣ ስለ ጾሙ፣ ስለ ክረምቱ ጠየቅኋትና "እማማ፣ የቅድመ አያትሽን የፊቱን ስም ስትጠሪ ለምን ድምፅሽን ዝቅ ታደርጊያለሽ?" አልኋት። ጥቂት ዝም አለች። "አባቴ ዝቅ አድርጎ ነገረኝ፤ እኔም እንደሰማሁት ነገርሁህ፤ ሌላ ምን አውቃለሁ?" አለችኝ። ከዚያ ከማን ጋር በዓል እንደዋልሁ ጠየቀችኝ። ስነግራት፣ "የኮምቦልቻውን ልጅ እንኳን አደረሰህ በልልኝ" አለች።

በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ አያቴ በሕይወት አልነበረችም። እኔ ወደ አገሬ የተመለስሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከኮምቦልቻው ወዳጄ ጋር አንድ ቀን ማለዳ ወደ ሜዳው ወጣን። ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም ነበር። ገብሱ ታጭዷል፤ እረኞች እሳት አንድደው ይሞቃሉ። ድንኳኖቹ የት እንደተተከሉ፣ ሊቃውንቱ የት ቆመው እንደተከራከሩ የሚያሳይ ምልክት አላየንም። ወዳጄ ግን እንደ ካዲኮዩ ቀን አልቀለደም። "ያንን ስም እስቲ ንገረኝ" አለኝ።

ነገርሁት። ሳላስበው ድምፄ ዝቅ ብሎ ነበርና አልሰማኝም። ደግሜ፣ በተራው ድምፄ፣ ጠራሁት።