የጋራን ሥራ የሚለውጥ ሰው ኀላፊነት፤ ከዩኒክስና ከሊኑክስ ታሪክ

ከአንድ ምንጭ ብዙ መንደሮች በሚጠጡበት አገር፥ ከላይ ኾኖ ቦዩን የሚያቃና ሰው ከታች ያሉትን ማሰብ ይገባዋል። የእርሱ እርሻ ጠጥቶ የባልንጀራው ቢደርቅ «እኔ ያቃናኹት የራሴን ነው» ማለት ከወቀሳ አያድነውም። በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ለክቡራን መምህራን፥ ለወላጆችና ለጓደኞቻችን የምናቀርበው አጭር ታሪክም ይህንኑ የመሰለ ነው፤ ነገሩ የደረሰው ግን በውሃ ሳይኾን በኮምፒዩተር ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው የኮምፒዩተሩን ልዩ ልዩ ክፍሎች የሚያዝና ሌሎች ፕሮግራሞች ኹሉ የሚደገፉበት መሠረታዊ ፕሮግራም ነው። በ1969 ዩኒክስ በአሜሪካ አገር በቤል ላቦራቶሪ በኬን ቶምሰንና በዴኒስ ሪቺ እጅ ሲጀመር፥ የተጻፈው ፒዲፒ-7 ለተባለው አንድ ዐይነት ኮምፒዩተር ነበር። በ1973 ግን ሪቺ ባወጣው ሲ በተባለው ቋንቋ እንደ ገና ተጻፈ። በ1977ም ሪቺና ስቲቭ ጆንሰን ኢንተርዳታ 8/32 ወደሚባለው፥ ጠባዩ ፍጹም ልዩ ወደ ኾነው ኮምፒዩተር አሻገሩት። እንዲህም ኾኖ አንድ ጽሑፍ ብዙ ዐይነት ኮምፒዩተሮችን ለማገልገል በቃ።

ጥቅሙ ታላቅ ነበር፤ ከጥቅሙ ጋራ ግን አንድ ጥያቄ ተወለደ። ይኸውም፥ አንድ ሰው የጋራውን ጽሑፍ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ አሻሽሎ፥ እርሱ ያላየው የሌላው ሰው ኮምፒዩተር ቢሰናከል ኀላፊው ማን ነው? የሚል ነው።

መሰናከሉ ከምን እንደሚመጣ በአንድ ምሳሌ እናስረዳ። በ1980ዎቹ ዓመታት ብዙ የዩኒክስ ሠራተኞች ቫክስ በሚባለው ኮምፒዩተር ይሠሩ ነበር። በዚያ ላይ አንድ ፕሮግራም በስሕተት ዜሮ ቍጥር የተሰጠውን የማስታወሻ ቦታ ቢያነብ፥ ዜሮ አግኝቶ በዝምታ ያልፍ ነበር። ያው ፕሮግራም ወደ ሰን ኩባንያ ኮምፒዩተር ሲወሰድ ግን እዚያው ላይ ወድቆ ይቀር ነበር። ስሕተቱ የጸሓፊው እንጂ የሰን አልነበረም፤ ቫክስ ሸሸገለት እንጂ አላረመለትም። ከዚህም የተነሣ የሙያው ሰዎች የራሱን ኮምፒዩተር ብቻ የሚያስበውን ጸሓፊ «ዓለም ኹሉ ቫክስ ይመስለዋል» እያሉ ይቀልዱበት ጀመር።

ሊኑክስም በዚሁ መንገድ አለፈ። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው የፊንላንድ ተማሪ በ1991 ሥራውን ሲያስታውቅ፥ ከኢንተል 386 ወደ ሌላ ኮምፒዩተር የሚሻገር እንዳልኾነ በግልጽ ተናግሮ ነበር። በ1995 የወጣው 1.2 የተባለው እትም ግን አልፋን፥ ስፓርክንና ሚፕስን ጭምር ያገለግል ጀመር። ዛሬ በብዙዎቻችን እጅ ያለው የአንድሮይድ ስልክ የሚሠራውም በዚሁ በሊኑክስ ነው።

ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ጽሑፍ ሲጠቀም ሥርዐት ያስፈልጋል። በሊኑክስ ሠራተኞች ዘንድ የጸናው ሥርዐት፥ በውስጥ ያለውን የጋራ አሠራር የለወጠ ሰው በእርሱ የሚጠቀሙትን የጽሑፉን ክፍሎች ኹሉ፥ የሌላ ዐይነት ኮምፒዩተርም ቢኾን፥ አብሮ እንዲያስተካክል ያዛል።

«ታዲያ አንድ ሰው ይህን ኹሉ ኮምፒዩተር ከየት ያመጣል?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ትክክል ነው። ስለዚህም ሸክሙ ተከፈለ። ከ1ሺሕ ማይል ርቀት የተላከ ለውጥ እንኳ ከመግባቱ በፊት እንዲፈተን፥ በ2008 ስቲቨን ሮዝዌል ሊኑክስ-ኔክስት የተባለውን ሥራ ጀመረ፤ በእርሱም ብዙ ሰዎች ያዘጋጁት ለውጥ በአንድነት ተጋጥሞ ለልዩ ልዩ ኮምፒዩተሮች ይሞከራል። ለየኮምፒዩተሩም ዐይነት ጠባቂ ይመደባል፤ የጠባቂውም ፈንታ መሞከርና ስብራቱን ፈጥኖ ማስታወቅ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

ይህም ኾኖ አሮጌው ኹሉ ለዘለዓለም ይጠበቃል ማለት አይደለም። በ2013 በወጣው 3.8 እትም ሊኑክስ የተወለደበት 386 ራሱ ተሰናበተ፤ ስለ እርሱ ሲባል የጋራውን ጽሑፍ በለወጡ ቍጥር ተጨማሪ ድካም ያገኛቸው ነበርና። በ2018 በወጣው 4.17 እትም ደግሞ ስምንት የኮምፒዩተር ዐይነቶች በአንድ ጊዜ ወጡ። ይህ ጭካኔ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን መክሮና አስታውቆ ማሰናበት አንድ ነገር ነው፤ ሳያዩ ሰብሮ ዝም ማለት ሌላ ነገር ነው። የፊተኛው ውሳኔ ሲኾን፥ የኋለኛው ቸልተኝነት ነው።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት ፊተኛው ኀላፊነት የለዋጩ ነው፤ የነካውን የሚያውቅ እርሱ ነውና። ኹለተኛው በጋራው ነገር የሚጠቀመው ሰው ነው፤ ካልሞከረና ካልተናገረ ጕዳቱን ማንም አያውቅለትም። ለዋጩ «በእኔ ዘንድ ይሠራል» ብሎ እንዳይዘጋ፥ ተጠቃሚውም ኹሉን በለዋጩ ላይ እንዳይጥል ያስፈልጋል።

ትምህርት ቤታችንም ከእኛ በፊት የነበሩት ሠርተው ያቈዩልን የጋራ ሥራ ነው። እኛም በተራችን የምናሻሽለው ብዙ ነገር አለን። በምናሻሽልበትም ጊዜ ከእኛ በኋላ የሚመጡትንና ከእኛ ራቅ ብለው የተቀመጡትን እንድናስብ ይህ ታሪክ ያስተምረናል።